የአለኝታ ሁለት ወር

ጠይባ አንድ ነገር በልቧ ይዛ ነይታ ነበር፤ ልጇ ሁዳ ከሪያድ በምትመለስበት ቀን ቤቷ ውስጥ ወተት እንዳይጠፋ። ብዙ አልጠየቀችም። ወርቅ ይምጣልኝ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ይቀየርልኝ አላለችም። ልጅቷ ደፉን ስትረግጥ ከገዛ ላሟ የታለበ አንድ ብርጭቆ ወተት በእጇ ይዛ መቆም ነው የፈለገችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሶላት በኋላ እጇን ስትዘረጋ መጀመሪያ የምታነሳው ይችኑ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ሁዳ ከሄደችበት ጠዋት ነው። በጠይባ እናት ቤት መንገደኛ ወተት ሳይቀምስ አይወጣም ነበር። ነጭ ቀምሶ የወጣ መንገዱ ነጭ ይሆንለታል ይሉ ነበር እናቷ። ሁዳ የሄደች ዕለት ግን በቤቱ የነበረችው አንዲት የሀገር ላም ነጥፋ ከርማለች፤ ከጎረቤት ቢፈለግም ጠፋ። ልጅቷ ጥቁር ሻይ ፉት ብላ፣ ሻንጣዋን ይዛ፣ ወደ ደሴ በሚሄደው መኪና ገባች። በቤት ሠራተኛነት የገባችላት የመጀመሪያዋ ማዳም ክፉ ሆነች ሲባል ጠይባ «ነጭ ሳትቀምስ ሄዳ ነው» አለች። ስልኳን ነጠቋት ሲባልም እንዲሁ አለች። ሁለት ዓመት የተባለው ሥራ ሰባት ዓመት ሲሆን ማንንም አልወቀሰችም፤ በራሷ ላይ ፈርዳ ተቀመጠች።

አለኝታ የመጣችው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ሁዳ በላከችው ገንዘብ የተገዛች፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሆደ ሰፊ ዲቃላ ላም ናት። ስሟንም በስልክ ያወጣችላት ሁዳ ነች። ጠይባ ከመካነ ሰላም ከተማ ዳር ካለው ቤቷ ጠዋትና ማታ እያለበች ለአንድ ሻይ ቤት ትሰጣለች፤ ኑሮዋም በዚያው ነው። ከዚያ ወተት ታዲያ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ታስቀራለች። «የሁዳ ድርሻ» ነው ስሙ። ቀን ሙሉ በክዳን ተሸፍኖ መደርደሪያው ላይ ይውላል። መግሪብ ሲሰገድና ከደሴ የሚመጣው መኪና ድምፅ ሲጠፋ፣ ዛሬም አልመጣችም ብላ ራሷ ትጠጣዋለች። ጎረቤቷ አልታዬ፣ በነገር የማትታማው የቄስ ሚስት፣ «ልጅሽን እየጠበቅሽ ወፈርሽ እኮ» እያለች ታሾፍባታለች። ጠይባም ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ዓይኗ ወደ መንገዱ ይሄዳል።

በዚህ ዓመት ግንቦት ላይ፣ አለኝታ የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች፣ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሄነው በሞተር ሳይክሉ መጣ። የወግዲ ልጅ ነው፤ ትሁት፣ ግን በሥራው ቀልድ የማያውቅ። የሰፈሩ ሴቶች ዶክተር ይሉታል፤ አይደለሁም ብሎ ብሎ ደክሞት ትቶታል። የላሟን ጎን ዳሰሰ፣ ደብተሩን ገለጠ።

«እማማ ጠይባ፣ ጥቅምት አሥር ነው ያዳቀልናት። ሐምሌ ሃያ ገደማ ትወልዳለች። እንግዲህ ከግንቦት ሃያ ጀምሮ አትታለብም፤ ወተቷ ይንጠፍ። ሁለት ወር ትረፍ።»

«ምን ሠርታ ነው የምታርፈው? ቆማ ስትበላ አይደል የምትውል!»

«ዓመት ሙሉ ታልባለች እኮ። ግቷ ከውስጥ የሚታደሰው ካልታለበ ብቻ ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ጥጃም ዋናውን ሥጋ የሚያወጣው በዚህ ሁለት ወር ነው። አሁን የሚያልቡት ከጥጃው አፍ እየነጠቁ ነው። ስትወልድም እንገሯ ቀጥኖ ውሃ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ወፍራም እንገር ያልጠጣ ጥጃ ደግሞ አይተርፍም።»

«ሁዳዬ ለአረፋ ትመጣለች።»

«እሰየው! እና?»

«እናማ፣ ነጭ ከቤቴ ይጥፋ?»

ይሄነው ነገሩን አያውቅም ነበርና ነገረችው፤ የእናቷን ልማድ፣ የሄደችበትን ጠዋት፣ ጥቁሩን ሻይ። ወተት ከሰው መግዛት ይቻላል አላት። የሰው ላም ወተት የእኔ ኒያ አይደለም አለችው። በመጨረሻ ተሸነፈና፣ እስከ አረፋ ድረስ በቀን አንዴ ብቻ እያለበች፣ ፉርሽካውንና ፋጉሎውን ከልክላ ጭድ ብቻ እየሰጠች እንድትቆይ ተስማሙ። መኖው ሲቀንስ ወተቱ በራሱ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ማቆሙ አይከብዳትም ብሎ አስረዳት። ጠይባ እሺ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። ሞተሩ መታጠፊያውን እንዳለፈ ግን ፋጉሎውን ከወትሮው አብዝታ አቀረበች። ሰው ቃሉን የሚያፈርሰው አንዳንዴ ቃል የተቀበለው ሰው ጀርባው ከዓይን እንደተሰወረ ነው።

አረፋ ደረሰ። ቅሉ በወይራ ታጥኖ፣ እርጎው ረግቶ፣ ጠይባ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከቤት መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ቤት ስትመላለስ ዋለች። ከእያንዳንዱ መኪና የሚወርደውን ሰው በዓይኗ ለቀመች፤ አንዲት ጥቁር ጅልባብ የለበሰች ልጅ ስትወርድ ወደ እሷ ሮጠች፣ የኩታበር ልጅ ሆና ተገኘች። በበዓሉ ማግስት የሁዳ ድምፅ በስልኳ ገባ። ማዳም ልጇ እስክትወልድ ቆዪልኝ ብላታለች፤ ፓስፖርቷን አልሰጠቻትም። «አብሽሪ እማ፣ ትንሽ ቀን ነው» ይላል ድምፁ። ጠይባ እርጎውን ለአልታዬ ልጆች ሰጠች፤ ቀሚሱን አውልቃ አጣጠፈችው።

ሰኔ ሁለት ይሄነው ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ልመና አልሰማም። ግቱን የመጨረሻ ጊዜ አልቦ ጨረሰ፣ አራቱን ጡቶች አንድ በአንድ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረገ፣ ከዚያም በያንዳንዱ ጫፍ መርፌ በሌለው ቀጭን ነገር መድኃኒት አስገባ። እጁን እየታጠበ ቃል በቃል አስጠናት።

«ሦስት አራት ቀን ግቷ ይወጠራል። ትጮህብዎታለች። አንጀትዎን ትበላዋለች እንጂ እጅዎን እንዳይሰዱ። ከነኩት የተዘጋው የጡቷ አፍ ይከፈታል፣ በሽታ ይገባል። ወተቱም መድኃኒት አለበት፣ ለሰው አይሆንም። ተረዱኝ?»

«እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ!» አለች ጠይባ።

እውነትም አለኝታ ጮኸች። በማለቢያዋ ሰዓት በበረቱ በር አንገቷን አስግጋ ወደ ቤት ትጣራለች፤ ጠይባ ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ትቀመጣለች። ሁለት ቀን ቻለችው። ሦስተኛውንም ቻለችው። በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ማለዳ፣ ስልኩ ጮኸ። ሁዳ ነበረች፤ በሹክሹክታ።

«እማ፣ ትኬት ተቆርጦልኛል! ዛሬ ማታ እበራለሁ፤ እሑድ ቤት ነኝ ኢንሻአላህ።»

ጠይባ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ቅሉን አጠነች። እግሯ ወደ በረት ሲወስዳት ይሄነውን አልረሳችውም፤ እያንዳንዱን ቃል ታስታውሳለች። ግን ደስታዋ አንድ መላ ፈጠረላት። መድኃኒቱ የገባው ከጫፉ አይደለም እንዴ? እንግዲያው ያለው እዚያው ጫፉ ላይ ነው፤ የፊተኛውን ሁለት እፍኝ መሬት ላፍስሰውና የኋለኛው ንጹሕ ይሆናል። ደግሞስ አራቱን አልነካም፤ አንዱን ብቻ፣ የቀኙን የኋላውን ብቻ። «አንዲት ብርጭቆ ብቻ ነች፣ የኔ እናት» እያለች ላሟን ዳበሰቻት። አለኝታም ሦስት ቀን የጠበቀችው እጅ መጣልኝ ብላ ወተቷን ለቀቀች።

እሑድ መኪናው መጣ፤ ሁዳ አልመጣችም። ስልኳም ዝግ ነው። ጠይባ ማታ ከመናኸሪያ ስትመለስ አለኝታ ቆማ ነበር የጠበቀቻት፤ አትበላም፣ አታመሰኳም፣ የኋላ እግሮቿን አራርቃ ቆማለች። የቀኙ የኋላ ግት ቀልቶ አብጧል። ብትነካው ድንጋይ ነው፤ ይፋጃል። ከጡቱ ጫፍ ጠብ ያለው ወተት አይደለም፣ እንደ አይብ የተቋጠረ ቢጫ ነገር ነው። ጠይባ በጉልበቷ ጭዱ ላይ ተንበረከከች። «ያረቢ፣ ምን አደረግሁ!» አለች።

ሲነጋ ይሄነው መጣ። አንዴ አይቶ ገባው።

«ማን ነካት?»

«ማን ይነካታል፣ ልጄ?»

«እማማ ጠይባ!»

«እንጃ... ጥጃ ጠብቷት እንደሆነ...»

«የቱ ጥጃ? ሆዷ ውስጥ ያለው?»

እንኳን ይሄነው፣ ላሟም የምታምናት አልመሰላትም። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ያዛት፤ ለቅሶው በረታና የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ሁለቱን እፍኝ፣ ከጫፉ ነው ብላ ያሰበችውን። ይሄነው ቦርሳውን ከፈተ። ላሟን መርፌ ወጋት፣ የታመመውን ግት በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንድታፈስሰው፣ ያፈሰሰችውንም ከበረት ርቃ እንድትቀብረው፣ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅም እንድታሸው ለጠይባ አሳያት። በቅሉ የረጋውን የዓርቡን ወተት በገዛ እጁ ደፋው። ሲወጣ ነው የከበደውን የተናገረው።

«ላሟ ትተርፋለች። ያቺ ጡት ግን ከእንግዲህ ወተት ላትሰጥ ትችላለች። ጥጃውን... እኔ አላውቅም፣ እማማ። ትኩሳቱ ከበረታ ትጨነግፋለች።»

ጠይባ ፊደል አልቆጠረችምና ደብዳቤዋ ድምፅ ነው። ስልኩን አፏ ጋ አስጠግታ ለሁዳ ተናዘዘች። የላሟን ሕመም፣ የራሷን ውሸት፣ ነጭ ሳትቀምሺ ሄደሽ ነው ይኼ ሁሉ የደረሰብሽ እያለች የኖረችውን ሳይቀር አንድም ሳታስቀር ተናገረች። «ዓፉ በይኝ ልጄ፤ አንቺን በነጭ እቀበላለሁ ብዬ ያንቺኑ ላም ልገድላት ነው» አለችና ላከችው።

መልሱ አራት ቀን ዘገየ። በአራት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ በረደ፣ አለኝታ ማመስኳት ጀመረች። የመጣላት ዕለት ጠይባ በረት ውስጥ ነበረች፤ እዚያው ጭዱ ላይ ተቀምጣ ከፈተችው።

«እማ፣ ሰማሁት። ትኬቱን ማዳም ናት ያስቀረችው፤ የልጇ ልጅ ትንሽ ይጠንክር ብላ። እሱን ተይው፣ ስለ ላሟ ልንገርሽ። እማ፣ እኔ እዚህ ሰባት ዓመት አንድ ቀን አላረፍኩም። ጁምዓ የለኝ፣ ዒድ የለኝ። አሞኝ የተኛሁ ቀን እንኳ በሬን ያንኳኳሉ፤ ሁዳ፣ አንዲት ብርጭቆ ሻይ ብቻ ይሉኛል። ሁልጊዜ አንዲት ብርጭቆ ብቻ ነው። ወላሂ እማ፣ ያንቺን ድምፅ ስሰማ እኔም አለቀስኩ፤ ለአንቺ አይደለም፣ ለእሷ። ሁለት ወር ትረፍ የሚላት ሰው አግኝታ እንኳ አላረፈች! እባክሽ አሳርፊያት። እኔ ስመጣ ውሃ ስጪኝ። ውሃ ይበቃኛል።»

ጠይባ ደግማ አልከፈተችውም። አንዴ የሰማችው በቂ ነበር። ሻይዋን ይዛ በሰው ቤት ኮሪደር የምትሄደው ልጇ ታየቻት፤ ታማ፣ ተነሥታ። «አንዲት ብርጭቆ ብቻ» የሚለው ቃል በገዛ አፏ እንደነበር ትዝ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ሰባት ዓመት የቆጨቻትን ጥቁር ሻይ ረሳቻት፤ ሌላ የሚቆጭ ነገር አገኘች።

ከዚያ በኋላማ ለአለኝታ እንደ ጠይባ ያለ ሎሌ አልተገኘም። ደረቅ ጭድ በየጠዋቱ ታነጥፍላታለች፣ እርጥቡን እየጠረገች ታወጣለች፤ ክረምቱ ገብቶ በረቱ ሲያፈስስ የራሷን የመኝታ ላስቲክ አውጥታ አለበሰችው። ይሄነው ያለውን ሳታጎድል ድርቆሽና ጭድ ብቻ ሰጠቻት፤ ጥጃው ሊወለድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ፉርሽካውን በእፍኝ በእፍኝ እየጨመረች መለሰችላት። ግቱን በእጇ ጀርባ ብቻ ትዳስሳለች፣ ሙቀቱን ለማወቅ ያህል። የሁዳ ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል። ዓይኗ እዚያ ባረፈ ቁጥር ናፍቆቱ ይጠናባታል፤ ቀድሞ ቢያንስ የምትሞላው ነገር ነበራት፣ ጠዋት ሞልታ ማታ ብትጠጣውም ቀኑን ሙሉ ተስፋዋን ተሸፍኖ ታየው ነበር። አሁን ባዶ ቤት ውስጥ በባዶ እጅ መጠበቅ ሆነ። ሲብስባት በረት ትገባና ላሟን ታወራታለች። «እኔና አንቺ ምን እንሆን ይሆን?» ትላታለች። አለኝታ ታመሰኳለች።

ሐምሌ ስድስት ዝናቡ ጠዋት የጀመረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላባራም። ጠይባ የበረቱን እርጥብ ጭድ በሁለት እጇ ታቅፋ ስትወጣ አንዲት ባጃጅ አጥሩ ጋ ቆመች። ከውስጧ አንዲት ቀጭን ሴት፣ በአንድ ትንሽ ሻንጣ፣ ወረደች። ስልክ አልተደወለ፣ ቀን አልተቀጠረ። ጠይባ ጭዱን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። ሴትዮዋ የሁዳ ዓይን አላት፤ የሁዳ ጉንጭ ግን የት ሄደ?

«እማ» አለች ሴትዮዋ።

ጭዱ ወደቀ። ጠይባ እጇ እበት እንደሆነ ረስታ ልጇን ያዘቻት፤ ጀርባዋን ስትዳስስ የትከሻዋ አጥንት በመዳፏ ገባ። ቤት ሲገቡ የጠይባ ዓይን ወደ ተደፋው ብርጭቆ ሸሸ። ሰባት ዓመት የነየተችው ቀን ይኸው ነው፣ ቤቷም እንደዚያን ጠዋት ደርቋል።

«ሁዳዬ፣ ነጭ የለኝም» አለች።

«ውሃ ስጪኝ አላልኩሽም?» አለች ሁዳ።

ብርጭቆውን አንሥታ አጥባ ውሃ ቀዳችላት። ሁዳ በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ከዚያ በረት ገብታ ላሟን አየቻት፤ ስም አውጥታላት ያላየቻትን። የቀኙን የኋላ ግት፣ ከሦስቱ ያነሰውን፣ ጎንበስ ብላ ተመለከተችው። ተመልሳ መደቡ ላይ ጋደም አለች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

ያን ዕለትም፣ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ተኛች። ትንሽ ትበላለች፣ ትሰግዳለች፣ ትተኛለች። ጠይባ ጎኗ ተቀምጣ ታያታለች። ልጅቷ እቅፏ ውስጥ ገብታ እንኳ ናፈቀቻት፤ ድምፇን፣ ወሬዋን፣ ድሮ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍነውን። ማዳም እንዴት እንደለቀቀቻት ሳይቀር፣ የምትጠይቃት ሰባት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነገር ነበራት። ምላሷን ነክሳ ዝም አለች።

ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። አልታዬ በሁለተኛው ቀን ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር እንኳን ደስ አለሽ ልትል መጣች። ጠይባ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች።

«የታለች እንግዳችን? አንዴ ብቻ ዓይኗን አይተን እንሂድ!»

«አታዩም።»

«ምነው? አንዲት ደቂቃ ብቻ!»

«አንዲት ደቂቃም ቢሆን። ይቺ ልጅ እረፍት ታዝዞላታል። ሁለት ወር።»

«ማን አዘዘላት?»

«ዶክተር ይሄነው» አለች ጠይባ፣ ዓይኗን ሳታሽ። አልታዬ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ በረቱ አየችና ገባት። ያልተለመደ ነገር ሆነ፤ አንድም ቀልድ ሳትቀልድ ሴቶቹን ይዛ ተመለሰች።

በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ ሱብሒ ተሰግዶ ጎሑ ሲቀድ፣ ዝናቡም ጋብ ብሎ ሳለ፣ አለኝታ በረት ውስጥ አንዴ ጮኸች። ድሮ የምትታለብበት ሰዓት ነበር። ሁዳ ከእንቅልፏ ደንግጣ ተነሥታ ተቀመጠች። ዓይኗ ተገልጧል፣ እናቷን ግን አላየቻትም፤ እግሯ መሬቱ ላይ ነጠላ ጫማ ይፈልጋል፣ እጇ ፀጉሯን ይሸፍናል። «ሓዲር ማዳም፣ መጣሁ፣ መጣሁ» አለች።

ጠይባ ትከሻዋን ያዘቻት። በቀስታ መልሳ አጋደመቻት፣ ጋቢውን እስከ አገጯ ሳበችላት።

«ተኚ ልጄ» አለቻት። «ዛሬ የሚታለብ የለም።»

ሁዳ ለጥቂት ጊዜ እናቷን አየቻት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።